አራት ትንንሽ መስኮቶች

እጆቿ ማዕዘን እየዘመዘሙ ነበር። አረንጓዴው ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ መካከሉ ላይ የተቀደደውን ትልቅ ክፍተት ዙሪያውን በጣቷ ታጥፋለች፣ ሁለቴ ትደርባለች፣ በመርፌ ትይዛለች። ቀጥ ያለውን ጠርዝ የስፌት መኪናው ይጨርሰዋል። ማዕዘን ሲሆን ግን የእጅን ያህል የሚታመን ነገር የለም፤ ማዕዘኑ ከላላ፣ ጨርቁ ሦስት ጊዜ በእንፋሎት እንደተቀቀለ ከዚያው መተርተር ይጀምራል።

መደርደሪያው ላይ ደግሞ ትናንት የጨረሰችው ሌላ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ያኛው አራት ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይበልጥም። ሁለቱም የሐሙስ ናቸው። ከሁለቱ በአንደኛው ሥር የሚተኛው ወንድሟ ነው። በየትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም፤ እስከ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድረስ የምታውቅ መስሏት ነበር፤ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ግን ጭልጥ ብሎ ጠፍቶባታል።

ክፍሏ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ነው። ብርሃን የሚገባባት ከመሬት እኩል በሆነች አንዲት መስኮት ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ስትቀመጥ ሰውን በጫማው መለየት ለምዳለች፤ የጠያቂው ጫማ ቸኩሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

የምትሰፋው በቀዶ ጥገና ጊዜ በሽተኛው የሚሸፈንበትን ጨርቅ ነው። ከአንገት እስከ እግር ድፍን ሆኖ፣ ሐኪሙ በሚሠራበት ቦታ ላይ ብቻ ክፍት ነው። ክፍቱን እዚያ ቤት «መስኮት» ይሉታል። ለዓይን አንድ ፍሬ ክብ፣ ለጉልበት ሞላላ፣ ለሆድ ረጅም። ከዚህ የተነሳ እሷንም በስሟ የሚጠራት ቀርቶ «እትዬ መስኮት» ሆናለች። ሳሙና የሚሉት አጣቢ ደግሞ፣ «ሌላው ሰፊ ቀዳዳ ደፍኖ ይበላል፣ የእኛዋ ቀዳዳ ሰፍታ ትበላለች» እያለ ይቀልድባታል። እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ስትስቅ ጥርሷን ማሳየት አትወድም።

ቀዶ ጥገና በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሐኪሞቹን የምታውቃቸው በጨርቃቸው ነው። ሸበቶው ሐኪም ጨርቁን የሚይዙበት መቆንጠጫ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው የሚነክሰው፤ እዚያ ቦታ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ድርብ ስትጥፍላቸው ኖራለች፤ እሳቸው አያውቁም። ወጣቷ ሐኪም ከመጣች ወዲህ የሷ ጨርቅ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፤ ሳሙናም ይወዳታል። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግን ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፋቸዋለች እንጂ ከአንዳቸውም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተናግራ አታውቅም። ማዘዣው በትንሽ ወረቀት ነው የሚመጣላት። ቀኑ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የመስኮቱ ዓይነት ይጻፋል። የበሽተኛው ስም አይጻፍበትም። ለሰፊ ምን ያደርግላታል?

ወንድሟ አናጢ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላልፍ ሲላት እጇን ይዞ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ አስቀመጣት፤ የመጀመሪያ መቀሷንም የገዛላት እሱ ነው። ዛሬም ድረስ «ጋሼ» ነው የምትለው። እሱም እሷ ስልሳ ልትደፍን ሁለት ዓመት ሲቀራት «እቱ» ማለቱን አልተወም።

ባለፈው ዓመት፣ ጡረታ ስትወጪ ልብስሽን የምታስቀምጪበት ብሎ ቁም ሳጥን ሊሠራላት ተነሳ። ከወርክሾፑ ማመላለሱ ሰልችቶት እዚያው እመኝታ ቤቷ ውስጥ ሠራው። ግድግዳውን ለካ፣ ጣሪያውን ለካ፤ በሩን ግን ሳይለካ ቀረ። ቆሞ ሲያልቅ ቁም ሳጥኑ ከክፍሉ በር በአንድ ክንድ ይሰፋል። ጎረቤት እየመጣ አየው፤ ተሳቀ። «ቤት ብትቀይሪ ቤቱን ይዘሽ ነው የምትሄጅው» አሏት። እሱም ኩም ብሎ፣ «አናጢ ለገዛ ቤቱ ሲሠራ ልኬት ይጠፋበታል» አለ። የቀረው ሁለቱን መዝጊያዎች መስቀል ብቻ ነበር። መዝጊያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳለ ቀኝ ጎኑን ይከብደው ጀመር።

እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል በተነሳው ምስል የታየው ጉበቱ ላይ ያለ ዕጢ ነው። አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሏቸው ወንድሟ ከኪሱ ሜትሩን አውጥቶ ዘረጋና አየው። «ይሄማ እጀታ አይደለም፤ መሳቢያው ራሱ ነው» አለ።

ሁለቱ ሐኪሞች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አስረዷቸው። ሸበቶው ቀደሙ።

«ጉበት ግራና ቀኝ በጅማት ተይዞ፣ ከኋላ ትልቁን ደም ሥር ተደግፎ ነው ያለው። እኔ መጀመሪያ ጅማቱን እፈታና ጉበቱን ወደ ግራ አገላብጠዋለሁ። ጀርባው ይታየኛል፣ እጄም ከሥሩ ይገባል። የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደም ቢመጣ በእጄ እይዘዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

እሷ ራሷን ነቀነቀች። ልክ ናቸው። ጨርቅም ቢሆን ገልብጠው ሳያዩት አይቆረጥም።

«እኔን የሚያሳስበኝ መገላበጡ ነው» አለች ወጣቷ። «ዕጢው ትልቅ ስለሆነ ሲገላበጥ ይጨመቃል፤ በውስጡ ያለውም በደም ሊረጭ ይችላል፣ ደም ሥሩም ሊቀደድ ይችላል። ሳናንቀሳቅሰው፣ ባለበት፣ ከፊት ለፊት እየቆረጥን እንወርዳለን፤ ደም ሥሮቹን እየዘጋን። ከጅማቱ የምንፈታው በመጨረሻ ነው። ከጉበቱ ጀርባ ጥብጣብ አሳልፈን፣ በሱ ብድግ እያደረግነው እንቆርጣለን።»

እሷ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ይህችም ልክ ናት። የሚሾልክ ጨርቅ ካነሱት ቅርጹን ይለቃል፤ እጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው መቁረጥ። ጥብጣብ የምትለው ቃል ስትጠራ ደግሞ ልቧ ዘለለ፤ ከተባለው ሁሉ በደንብ የገባት ይህች ቃል ብቻ ነበረች። ስፋቱ ስንት ነው ብላ ልትጠይቅ አሰበችና አፈረች።

«ታዲያ ከታች ደም ቢፈነዳብሽ እጅሽን በየት ታስገቢያለሽ?» አሉ ሸበቶው።

«ለዚያ ነው ጥብጣቡ፣ ዶክተር።»

«ጥብጣብ እጅ አይሆንም።»

ራሷን የቱ ላይ መነቅነቅ እንዳለባት ግራ ገባት። እንደ ሚዛን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስትል ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው» አለ። «የጎረቤቴ ልጅ በትንንሽ ቀዳዳ ተሠርታ በሳምንቷ እቃ ተሸክማ አይቻታለሁ። ጉበት እንደዚያ አይሠራም?»

«ጉበትም በትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል፤ ግን...» አለች ወጣቷ፤ በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ በጥድፊያ ጠራቻት። ሁለቱም ሐኪሞች ተከታትለው ወጡ። ያ «ግን» ባለቤት አጥቶ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ወንድሟ የያዘው «ይሠራል» የሚለውን ነው።

ምክንያት ነበረው። ከሱ ጋር ሃያ ዓመት የሠራው ቀለም ቀቢ፣ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ተከፍቶ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ስለዚህ ተኝቶ ከሚታከምበት ክፍል እንደገቡ፣ «ስሚ እቱ» አላት። «በትልቁ የሚከፍቱኝ ከሆነ አልፈርምም፤ የቀረችኝን ዕድሜ ይዤ እቤቴ እገባለሁ። በትንንሹ ከሆነ እሺ። አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ፤ አጣሪልኝ።»

የቤቱ ሰው! ሃያ ሰባት ዓመት ግድግዳ ተጠግታ ያለፈች ሰው ማንን ብላ ታጣራለች? ሰኞን ኮሪደር ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ዋለች። ወጣቷ ሐኪም ሁለት ጊዜ አለፈች፤ እሷም ሁለት ጊዜ «ደህና ዋልሽ» ብቻ ብላት ቀረች።

ማክሰኞ ጠዋት ማዘዣ መጣ። «ሐሙስ፣ ክፍል ሁለት፣ ሆድ፣ ትንንሽ ክብ መስኮት አራት።» ሐሙስ የወንድሟ ቀን ነው። ሆድ ነው። ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ሰው አፍ አውጥቶ ያልነገራትን ወረቀቷ ነገረቻት። በምሳ ሰዓት ሦስት ፎቅ ወጣች፤ እያለከለከች፣ «ጋሼ፣ በትንንሹ ነው! አራት ቀዳዳ ብቻ! እኔው ራሴ ነኝ የምሰፋው!» አለችው።

ፊቱ በራ። ከራስጌው ካለችው ሳጥን አንድ ያረጀች የናስ ማጠፊያ አወጣና እመዳፏ ላይ አስቀመጠ። «በዚህ ልክ ስድስት ፍሬ ትገዢያለሽ፣ ለእያንዳንዱ መዝጊያ ሦስት ሦስት። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ አለው። ቆርቆሮውን ሊሰጥሽ ይሞክራል፤ እንዳትቀበይው። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን መዝጊያሽን ሰቅዬልሽ ልብስሽን ትደረድሪያለሽ።» የስምምነቱን ወረቀትም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ሲመጡ እንደሚፈርም ነገራት።

ማጠፊያዋን ሽርጧ ኪስ ከታ እየዘፈነች ወረደች፤ በልቧ ነው የዘፈነችው። ወርዳ ስትደርስ እመኪናዋ ላይ ሌላ ማዘዣ ተቀምጦ አገኘች። «ሐሙስ፣ ክፍል አንድ፣ ሆድ፣ ትልቅ መስኮት፣ ባለ ማዕዘን።»

አሁን ረቡዕ ጠዋት ማዕዘኑን እየዘመዘመች ያለችው የዚያን ጨርቅ ነው።

ሳሙና የታጠበ ክምር ተሸክሞ ገባና ፊቷን አየ። ነገረችው። ክምሩን አስቀምጦ እላዩ ላይ ተቀመጠበት።

«እና ምን አስጨነቀሽ እትዬ? እሺ ብሏል አይደል? ዝም በይ። እሱ እንደሆነ ይተኛል። በአራትም ይክፈቱት በአንድ፣ ሲነቃ አልቋል።»

«ሲነቃ ያየዋል እኮ።»

«ከነቃ ታዲያ ይቆጣ! መቆጣትም ጤና ነው።»

«ካልነቃስ?»

ሳሙና ተነስቶ ክምሩን ደረደረ፤ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ብሆን ዝም እላለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ምክሩ አጓጓት፤ መዋሸት አይሆንላትም እንጂ። ዝም ካለች ወንድሟ ይፈርማል፤ ከተናገረች ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። በዚያ ላይ የትኛው ጨርቅ የማን እንደሆነ እንኳ ገና አታውቅም። ያላወቀችውን ነገር ደብቃ ምን ትባላለች? ማዕዘኑን ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሁለቱን ጨርቆች በሁለት እጇ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ባዶ እጇን መሄድ አልሆነላትም።

ወጣቷ ሐኪም እጇን እየታጠበች ነበር። እሷም ጨርቆቹን እንደ ሕፃን እንዳቀፈች እበሩ ላይ ቆመች። ሐኪሟ ውሃውን ዘጋች።

«ምነው እማማ? የጎደለ አለ?»

«የወንድሜ የቱ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ደገመችው። «ከነዚህ ከሁለቱ፣ የወንድሜ የቱ ነው?»

«ወንድምሽ? ያ አናጢው? ያንቺ ወንድም ነው እንዴ! ለካ ያን ቀን አብረሻቸው የመጣሽው አንቺ ነበርሽ፤ ያለ ሽርጥ አላወቅሁሽም።» እጇን አድርቃ ባለ አራቱን ጨርቅ ነካ አደረገች። «ይሄ የሐሞት ጠጠር ላለባት ሴትዮ ነው። የእሳቸው ትልቁ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ጉበት ይሠራል፤ ግን ይህን ያህል ትልቅ ሲሆን፣ ደም ሥሩንም ሲጠጋ፣ እኛ እዚህ አንደፍርም። ደግሞስ ያን የሚያህል ነገር በየትኛው ቀዳዳ ይወጣል?»

ያ ባለቤት አጥቶ የነበረው «ግን» ባለቤቱን አገኘ።

አንዴ አፏ ከተከፈተ አይቀር፣ «ተገላብጦ ነው ወይስ ባለበት?» አለች።

«ከፍተን ስናየው ነው የምናውቀው። ከኋላ ካልተጣበቀና እሺ ብሎ ከተንቀሳቀሰ እንደ ትልቁ ዶክተር፤ ከተጣበቀ እንደ እኔ። በምስሉ የተጣበቀ ይመስላል፤ ምስል ግን ይዋሻል።»

«ታዲያ መስኮቱስ?»

«መስኮቱ ለሁለታችንም አንድ ነው።»

ይሄ ከሁሉም የባሰ አደናገራት። ሁለቱ ሐኪሞች የተከራከሩበት ነገር በሙሉ፣ እሷ በዘመዘመችው በዚያው በአንድ ቀዳዳ የሚያልፍ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጨርቁ ነገር የምታነብ ይመስላት ነበር፤ ለካ ጨርቁ የሚነግራት ከየት እንደሚገቡ ብቻ ነው፤ ከገቡ በኋላ ያለውን አይነግራትም።

ወንድሟ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጢሙን እየተላጨ አገኘችው። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነበር።

«ማጠፊያውን አገኘሽው?»

«ጋሼ፣ በትልቁ ነው።»

ምላጩን አወረደ። ሁሉንም ነገረችው፤ ማዘዣው ስም እንደሌለው፣ ባለ አራቱ የሌላ ሰው እንደሆነ። «ገብቶኝ ነው ብዬ ነው የነገርኩህ። አልገባኝም ነበር። አሁንም አልገባኝም።»

«በስልሳ ዓመትሽ ታታልይኝ ጀመር?»

«እኔም ተታልዬ ነው።»

አረፋውን በፎጣ ጠረገና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ግማሽ ጢሙ እንዳለ ቀረ። እሷም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እጇ ሥራ ቢያጣ የአልጋውን አንሶላ ጠርዝ ታሽ ጀመር። ክሩ የላላ ነበር።

«እና» አለ በመጨረሻ ግድግዳውን እያየ፣ «ሁለቱ ሰዎች ተስማሙ?»

«አልተስማሙም። ከፍተን ስናየው ነው አለች ልጅቱ። ከኋላ ከተጣበቀ ባለበት ይቆርጡታል፤ ካልተጣበቀ ያገላብጡታል።»

«ከፍተን ስናየው አለች?»

«አዎ።»

ቀስ ብሎ ዞረ። «እኔም ያረጀ ወንበር ሳልፈታ ይሄን ያህል ቀን ይፈጃል ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሳይፈታ የሚያወራ አናጢ ሌባ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ያንን ቁም ሳጥን ከቤትሽ አውጣ ብትይኝ እንዴት ነበር የማወጣው?»

«እኔ እንጃ። አጋድመህ?»

«ሳጋድመው ግድግዳውን ይቧጥጣል፣ እግሩም ይሰበራል። እዚያው በቆመበት ፊት ለፊቱን ፈትቼ፣ ጀርባውን በመጨረሻ ከግድግዳው አላቅቄ ነው። ጀርባው ካልተጣበቀ ግን ዞር አድርጎ ማየት ይሻላል። ለመጨበጥም ይመቻል።» ጢሙ ያልተላጨበትን ጉንጩን ዳበሰ። «ሁለቱም እኮ የሚያወሩት የባለ ሙያ ነው። እና አራት ቀዳዳ ያልኩት እኔ ነኝ ሞኙ። ቁም ሳጥን በቁልፍ ቀዳዳ!»

«እኔ ነኝ ሞኟ።»

«እሺ አንቺም ነሽ።» ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። «ቀለም ቀቢውን ግን አልረሳሁትም። እፈራለሁ እቱ።»

«እኔም።»

ሐኪሞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ወንድሟ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። «አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ሲከፈት ሁለታችሁም ኑሩ። የሚያገላብጠውም የማያገላብጠውም።»

ሸበቶው ወጣቷን አዩ፤ እሷም እሳቸውን። «ሁለታችንም እንገባለን» አሉ ሸበቶው፤ «የኔ እጅም የሷ ጥብጣብም ይኖራል።» ወንድሟ ፈረመ። እህቱ ጥግ ቆማ ከሁለት አንዱን ለማመን ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ሁለቱንም አመነች፤ ሁለቱንም ፈራች።

ሐሙስ ጠዋት ተሽከርካሪ አልጋው ላይ ሆኖ ሲገፉት እጇን ያዘ። «ቁጭ ብለሽ አትቁለጭለጪ። ሄደሽ ማጠፊያውን ግዢ። ስድስት። የናስ።»

«እሺ ጋሼ።»

ከአለቃዋ ፈቃድ ጠየቀች፤ ካፖርቷን ደረበች፤ ማጠፊያዋን በመዳፏ ጨብጣ እስከ ግቢው በር ሄደች። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ይታያል፤ ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። መኪና አሳለፈች። ሌላ መኪና አሳለፈች። መንገዱ ባዶ ሆነ፤ እግሯ ግን አልታዘዛትም። በሩን ካለፈች የሆነ ነገር የሚላቀቅ መሰላት። ተመልሳ ምድር ቤት ወረደች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ እመኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ በመስኮቷ ጫማ ስትቆጥር ዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሳሙና የማጠቢያ ጋሪውን እየገፋ ገባ። ሳይቀልድ ነው የገባው፤ ልቧ ቀጥ አለ።

«ወጥቷል» አላት። «አልጋው ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ይተነፍሳል፤ አፉ ላይ ያጠለቁለት ነገር በትንፋሹ ጉም እየለበሰ እየጠራ ነው። ሸበቶው ሻይ ጠጡ። ሻይ ከጠጡ ደህና ነው።»

«አገላብጠውት ነው ወይስ ባለበት?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ! እኔ የማውቀው ይሄን ነው።» ከጋሪው ውስጥ አረንጓዴውን ጨርቅ በጫፉ ይዞ አነሳላት። እርጥብ ነበር፤ በደም ጠቁሮም ነበር፤ እሷ እንደፈራችው ያህል ግን አልነበረም። በተለመደው ቦታ መቆንጠጫው ነክሶታል፤ ድርቡ ይዟል። አራቱም ማዕዘኖች አልተተረተሩም። ወዲህ አገላበጠችው፣ ወዲያ አገላበጠችው። ምንም አይናገርም።

«ስጪኝ ልጠበው» አለ ሳሙና።

ሰጠችው። ወደ ላይ መውጣት ፈለገች፤ እስኪነቃ ማንም እንደማይገባ ነግረዋታል፤ ቢሆንም ወጣች። ከተዘጋው በር ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመተላለፊያው መስኮት መንገዱን ያሳያል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባለ ሱቁ ወጥቶ መዝጊያውን ከላይ ወደ ታች ሲስበው አየችው። ማጠፊያዋ አሁንም እጇ ውስጥ ነበረች፤ ላብ አርሷት ሞቃለች። ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ማጠፊያዎቹ እንደሆነ ታውቃለች፤ የምትመልስለትን ግን አላወቀችም።